የዛገ ቀፎ ምን ያወጣል?

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በ2014 በምሥራቅ ጀርመን፣ በብራንደንቡርግ ግዛት፣ በአንድ የገጠር ጎተራ ውስጥ ሁለት አሮጌ የፖርሽ መኪኖች ተገኙ። ያገኟቸው በየቤቱ የተጠራቀመ ዕቃ እየለየ የሚሸጥ የአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ባልደረቦች ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ በደጉ ዘመኑ ቀይ ነበር። አሁን ወለሉን ዝገት በልቶታል፤ የፊት ፓራፋንጎዎቹ የሉም፤ ወንበሩ ተቦጫጭቋል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ከላዩ የጎደለው ነገር ብዙ ነው። ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ከሚወስደው ብረት የሚለየው ነገር ለዓይን አይታይም ነበር።

ይሁን እንጂ በሽቱትጋርት የሚገኘው የፖርሽ ሙዚየም ባለሙያዎች የሻንሲ ቁጥሩን ሲያነቡ 300057 የሚል አገኙ። ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ፖርሽ በሴፕቴምበር 1963 በፍራንክፈርት ዐውደ ርእይ ላይ አዲሱን የስፖርት መኪናውን 901 ብሎ አቀረበ። በ1964 ምርቱ እንደ ተጀመረ ፔጆ ተቃውሞ አነሣ፤ መካከሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ስም በፈረንሳይ አገር የእኔ ነው አለ። ፖርሽም ዜሮውን በ1 ተክቶ መኪናውን 911 አለው፤ ዓለም እስከ ዛሬ የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። ስሙ ከመለወጡ በፊት 901 ተብለው የተሠሩት 82 ብቻ ናቸው። በጎተራው ውስጥ የተገኘው ከእነዚህ አንዱ፣ ቁጥር 57 ነበር። ሙዚየሙ ደግሞ ኩባንያውን በዓለም ያስጠራው መኪና የበኩር ዘር በእጁ አልነበረም። ገለልተኛ ገማች ተጠርቶ ዋጋው ተተመነ፤ ለቀዩ 107,000 ዩሮ፣ አብሮት ለተገኘው ሌላ 911 ደግሞ 14,500 ዩሮ ተከፈለ።

በዝገት የተበላ ቀፎ 107,000 ዩሮ ካወጣ፣ የተገዛው ምኑ ነው? ብረቱ ነው ወይስ ቁጥሩ? የድሮ የስፖርት መኪና ቀፎ በእጁ የገባ ሰው ሁሉ፣ ባለጸጋ ሙዚየምም ይሁን ቅዳሜና እሑድ በጓሮው የሚደክም ደመወዝተኛ፣ ውሎ አድሮ ከዚህ ጥያቄ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ላድሰው ወይስ ልተወው? ካደስሁትስ የምድነው እኔ ነኝ ወይስ እርሱ?

*

ቀፎ ስንል ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ መስታወቱ፣ ወንበሩና የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ ወልቆ የቀረውን ባዶ ቦዲ ማለታችን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት መኪኖች አብዛኞቹ ለብቻው የቆመ የብረት ሻንሲ ነበራቸው። ቦዲው ከላዩ እንደ ልብስ ይደረባል፤ ያረጀውን አውልቆ አዲስ ማልበስም የተለመደ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ግን ይህን ሻንሲ አስቀሩት። ስስ ቆርቆሮዎች ተጣጥፈውና በነጥብ ብየዳ ተያይዘው ሣጥን መሳይ አካል ሲሠሩ፣ ሸክሙን የሚችለው ራሱ ቦዲው ሆነ። ልብሱና አጥንቱ አንድ ሆኑ ማለት ነው። 901ም ከእነዚህ ወገን ነው።

የዚህ አሠራር ጉዳት የታየው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ውሃና በአውሮፓ ክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው፣ ሁለት ቆርቆሮ ተደራርቦ በተበየደበት፣ ቀለም በማይደርስበት ስንጥቅ ይገባል። ከበሩ ሥር በርዝመት የተዘረጋው ባዶ ተሸካሚ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከላይ ሲታይ ቀለሙ ጥቂት ያበጠ ይመስላል፤ በመዶሻ ጫፍ ቢነኩት ይበሳል። ፖርሽ ሙሉ ቦዲውን በዚንክ ከተለበጠ ቆርቆሮ መሥራት የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቀፎ ከዝገት ጋር የታገለው በቀለምና በሬንጅ ብቻ ነበር።

የቀፎ እድሳት ከሞተር እድሳት የሚከብደውም በዚህ የተነሣ ነው። ሞተር ሲፈታ የተበላው ከደኅናው ተለይቶ ይታያል። ቀፎ ግን ቀለሙና ስቱኮው ተፍቆ እስኪነሣ ድረስ ምን እንደ ቀረው አይታወቅም፤ ሲነሣም ከታሰበው በላይ ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። የዛገው ተቆርጦ ከመውጣቱ በፊት አካሉ በድጋፍ ብረት መታሰር አለበት፤ አለዚያ ይጣመምና በሩ ከመቃኑ አልገጥም ይላል። አዲሱ ቆርቆሮ ይቆረጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይለካል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይለካል። የቆርቆሮው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው የሰው ሰዓት ነው።

በዚህ ሒሳብ ቀድሞ የሚሸነፈው በብዛት የተሠራ መኪና ነው። እንግሊዞች ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ኤም ጂ ቢ የተባለችውን ትንሽ የስፖርት መኪና ከ500,000 በላይ ሠርተዋል። የእርሷም ቦዲ ሸክም ተሸካሚ ስለ ነበር ዝገት ብዙዎቹን ከመንገድ አወጣቸው። በ1988 ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት ከፋብሪካው ዘመን የተረፉትን የቆርቆሮ ማተሚያ ቅርጾች ሰብስቦ ሙሉ አዲስ የኤም ጂ ቢ ቀፎ ለገበያ ማውጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የድሮውን ሞተር፣ መሪና ወንበር ወደ አዲሱ ቀፎ ማዛወር ቻለ። ነገሩ በገንዘብ ብቻ ቢመዘን፣ ክፉኛ የዛገውን የድሮ ቀፎ ለማዳን መነሣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። አዲሱን የመረጠ ሰውም አይወቀስም። ከግማሽ ሚሊዮን አንዱ የሆነ፣ የተለየ ገድል ያልተከተለው ቀፎ የሚናገረውን፣ የቀሩት ወንድሞቹም ይናገሩለታል።

አዲስ ቀፎ የለበሰው መኪና ግን ያው የድሮው መኪና ነውን?

*

እኛ አገር ይህን የሚመልሰው ሊብሬ ነው። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ቁጥሩ ከገጠመ ክርክሩ ያበቃል። በእንግሊዝ አገር ተመሳሳይ ጥያቄ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። አሮጌው ቁጥር አንድ በሚል ስም የሚታወቀው የቤንትሊ ስፒድ ሲክስ በ1929ና በ1930 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ መኪና ነው። ከዚያም በየጊዜው አካሉ ተለወጠ፣ ሞተሩ በሌላ ትልቅ ሞተር ተተካ። በ1932 በብሩክላንድስ ውድድር ላይ ከመንገዱ ጠርዝ በላይ ወጥቶ ሲወድቅ ሾፌሩ ክላይቭ ደንፊ ሞተ። መኪናው እንደገና ተሠራ፤ ዝግ ቦዲም ለበሰ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ ወደ ቀድሞ የውድድር መልኩ ተመለሰ።

በ1990 የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ዋጋ የተነገረለት የሽያጭ ውል ሲፈርስ፣ ገዢው ይህ ያ መኪና አይደለም ብሎ ተከራከረ። እውነትም በ1929 ለ ማን ላይ ከተሰለፈው ብረት የቀረ ነገር ከምንም የማይቆጠር መሆኑ በችሎቱ ታየ። ዳኛው ኦተን የሰጡት ፍርድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ ነው ሊባል አይችልም አሉ፤ ይሁን እንጂ ሕይወቱ ተቋርጦ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ለውጥ የተደረገው በዚያው በሚታወቀው መኪና ላይ ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው አሮጌው ቁጥር አንድ ይኸው ነው።

ይህን ፍርድ ወደ ጎተራው ቀፎ ስናመጣው አንድ ከባድ ነገር ያስተምረናል። ቤንትሊው ሲነዳ፣ ሲጋጭ፣ ሲጠገን፣ ሲሸጥ የኖረ መኪና ነው፤ ብረቱ ቢያልቅም የሕይወቱ ክር አልተበጠሰም። ለአርባ ዓመት በጎተራ ተጥሎ የኖረ ቀፎ ግን እንዲህ ያለ ክር የለውም። ክሩ ከተበጠሰበት ቀን ወዲህ ከትናንት ጋር የሚያያይዘው ያ የዛገ ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ከሚነዳ መኪና ላይ አንድ ቆርቆሮ መለወጥና ከሞተ ቀፎ ላይ ያንኑ ቆርቆሮ መለወጥ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ጥገና ነው። ሁለተኛው ብቸኛ ምስክርን ከችሎት እንደ ማስወጣት ነው።

*

ይህን ጠንቅቀው የተረዱ ሰዎች ምን ያህል ርቀት እንደ ሄዱ የሚያሳይ አንድ የጃጓር ታሪክ አለ። ጃጓር በ1963 ከታዋቂው ኢ ታይፕ የቀለለ፣ ቦዲው ከአሉሚኒየም የሆነ የውድድር መኪና ለመሥራት አቅዶ 18 የሻንሲ ቁጥር መደበ፤ የተሠሩት 12 ብቻ ናቸው። ከ12ቱ አንዱን የወሰደው በጀርመን የጃጓር አስመጪና ተወዳዳሪ የነበረው ፒተር ሊንድነር ነበር። በኦክቶበር 1964 ከፓሪስ አጠገብ በሞንትሌሪ በተደረገ የ1,000 ኪሎ ሜትር ውድድር፣ በረጠበው መንገድ ላይ የሊንድነር መኪና ከፍራንኮ ፓትሪያ አባርት ጋር ተጋጨ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎችና ሦስት የውድድር አስተናባሪዎች ሞቱ።

የተጨማደደውን ብረት የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ለዓመታት ይዘው አቆዩት። በኋላም የመኪናው የሜካኒክ ክፍሎች ወደ አዲስ ወደ ተሠራ ቦዲ ተዛወሩ፤ የተቀጠቀጠው ቀፎ ለብቻው ቀረ። ኤም ጂ ቢው ባለቤት የሠራውን ያህል ነው፤ ብዙ ሰው ጉዳዩ እዚህ ላይ አበቃ ይል ነበር። አንድ የእንግሊዝ የእድሳት ቤት ግን ያንኑ የተጨማደደ አሉሚኒየም አቅንቶ፣ ክፍሎቹን ወደ ቀድሞ ቤታቸው ለመመለስ ተነሣ። ሥራው በ2011 ሲያልቅ ከ7,000 በላይ ሰዓት ፈጅቶ ነበር፤ ከዚያም አብዛኛው የሄደው በቦዲው ላይ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ለአንድ ሰው ከሦስት ዓመት በላይ የሚሆን ድካም ነው።

አዲስ አሉሚኒየም መቅጥቀጥ ከዚህ እጅግ ይቀል ነበር። ለዚህም ማስረጃው ከሦስት ዓመት በኋላ መጣ። በ2014 ጃጓር ራሱ፣ በ1963 ተመድበው ያልተሠሩባቸውን ስድስቱን ቁጥሮች አውጥቶ ስድስት አዳዲስ መኪኖችን በእጅ እንደሚሠራ አስታወቀ። እነርሱ የፋብሪካው እውነተኛ ቁጥር አላቸው፤ በሞንትሌሪ ዝናብ ውስጥ የነበረ ብረት ግን የላቸውም። የሊንድነር መኪና ዋጋ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ሆኖም ይህ እድሳትም ያለ ኪሳራ አልተፈጸመም። ብረቱ ሲቃና ውድድሩን የሚያስታውሰው መልክ ተመለሰ፤ አምስት ሰዎች የሞቱበትን ቅጽበት የያዘው ጭምድድ ግን ጠፋ። እድሳት ከቀፎው ዕድሜ ውስጥ አንድ ዘመን መርጦ ሲያነሣ ሌላውን ይቀብራል። የትኛውን እንደሚቀብር ሳያውቅ መዶሻ የሚያነሣ ሰው ነው ጥፋት የሚሠራው።

*

የሕንፃ ቅርስ ጠባቂዎች ይህን ጭንቀት ከመኪና ሰዎች ቀድመው ያውቁታል። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበት ደንግጓል። የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም በ2012 የቱሪን ቻርተር በሚባለው ሰነድ ይህንኑ መንፈስ ወደ ተሽከርካሪዎች አምጥቶታል። ጥበቃ ከእድሳት ይቀድማል፤ የሚጨመረው እንዲታወቅ፣ የሚደረገውም እንዲመዘገብ ያስፈልጋል።

የፖርሽ ሙዚየም ቁጥር 57ን ሲያድስ የሄደበት መንገድ በዚህ መነጽር ሲታይ ይገባል። ሥራው ሦስት ዓመት ወሰደ፤ ቦዲው ብቻ አንድ ዓመት። ቀለሙና ዝገቱ በኬሚካል ተነሣ። የጎደለው ሲተካ አዲስ ቆርቆሮ እንዳሻው አልተጨመረም፤ ከዚያው ዘመን ከሌላ ቦዲ ላይ የተቆረጡ ክፍሎች ተበየዱ። በሞተሩም፣ በኤሌክትሪኩም፣ በውስጡም የተያዘው ደንብ አንድ ነበር፤ ቁራጭም ቢሆን የቀረውን ከመለወጥ ማዳን። በዲሴምበር 2017 መኪናው ለሕዝብ ታየ።

ይህ እድሳት ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሦስት ነው። ሠሪው ፋብሪካ ራሱ ስለ ሆነ ግምት የሚያስፈልግበት ስፍራ ጠባብ ነው። መኪናው ከ82ቱ አንዱ ስለ ሆነ የሚናገረውን የሚናገሩለት ጥቂቶች ናቸው። ከ1964 ወዲህ ያለው ዕድሜውም በመዘንጋት የተሞላ እንጂ ሊጠበቅ የሚገባ ገድል የተሠራበት አልነበረም። የተመለሰው ከጠፋው ይበልጣል።

ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን የሚያጋድልበት ጊዜም አለ። በስዊስ፣ በማጆሬ ሐይቅ፣ በአስኮና ከተማ አጠገብ 53 ሜትር ጥልቀት ላይ በ1925 የተሠራ የቡጋቲ ብሬሺያ ተቀምጦ ነበር። ቀረጥ ያልተከፈለበት መኪና ስለ ነበር በ1930ዎቹ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ሰንሰለቱ ዝጎ ሲበጠስ ወደ ታች ሰመጠ ተብሎ ይተረካል። አንድ ጠላቂ በ1967 አገኘው፤ የአካባቢው ጠላቂዎችም ለዓመታት እየወረዱ ይጎበኙት ነበር። በ2008 አንድ የአካባቢው ወጣት ተደብድቦ ከተገደለ በኋላ፣ መኪናው ወጥቶ ተሸጦ ገንዘቡ በወጣቱ መታሰቢያ ለተቋቋመው፣ የወጣቶችን ዓመፅ ለሚቃወም ድርጅት እንዲውል ተወሰነ። በጁላይ 2009 ከሐይቁ ወጣ፤ በጃንዋሪ 2010 በፓሪስ ጨረታ 260,500 ዩሮ አወጣ።

የገዛው ፒተር ሙሊን የተባለ አሜሪካዊ የፈረንሳይ መኪኖች ሰብሳቢ ነበር። ከቡጋቲው አዲስ የሚመስል መኪና ማሠራት የሚያስችል ሀብትም፣ ባለሙያም ነበረው፤ አላደረገውም። በጭቃ የተቀበረው ወገኑ ተርፎ፣ ለውሃ የተጋለጠው ወገኑ እንደ ዳንቴል ተበሳስቶ፣ ልክ እንደ ወጣ በካሊፎርኒያ፣ በኦክስናርድ በነበረው ሙዚየሙ አቆመው። ሙሊን በ2023 ዐረፈ፤ ሙዚየሙም በ2024 ተዘጋ። ውሳኔው ግን ትምህርት ሆኖ ቀርቷል። የዚህ ቀፎ ታሪክ የተጻፈው በዝገቱ ነው። ዝገቱን የሚጠርግ ሰው ሰንሰለቱን፣ ሐይቁንና የሟቹን ወጣት መታሰቢያ አብሮ ይጠርጋል፤ በእጁ የሚቀረውም በሌላ ስፍራ በተሻለ ሁኔታ የሚገኝ አንድ ብሬሺያ ብቻ ይሆናል።

*

እንግዲህ ቀፎ ፊት ቆሞ የሚያመነታ ሰው፣ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ለራሱ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አሉ። ይህ ብረት የሚያውቀውን ሌላ ብረት ያውቀዋልን? ከአካሉ ውስጥ የቀረው ለግምት ሳይጋለጥ ሙሉውን መልክ ለመመለስ ይበቃልን? የምመልሰው ዘመን ከምደመስሰው ዘመን ይበልጣልን? ለሦስቱም መልሱ አዎን ከሆነ፣ ሰባት ሺህ ሰዓትም ቢሆን ብዙ አይደለም። ለመጀመሪያው አይደለም ከሆነ፣ አዲስ ቀፎ ገዝቶ በደስታ መንዳት ይሻላል። የቀሩትን ሁለቱን የሚጠራጠር ሰው ደግሞ ፎቶግራፍ ያንሣው፣ ልኩን ይመዝግብ፣ ከውሃ ያስጠልለውና ይታገሥ። ያልታደሰ ቀፎ ነገም ሊታደስ ይችላል። በስቱኮና በአዲስ ቆርቆሮ ውስጥ የጠፋውን ግን መልሶ ሊያወጣ የሚችል የእድሳት ቤት የለም።